ካንሰርን ከጠፍጣፋ ሳህን ያወጡ ሰዎች

እ.ኤ.አ. በ1911 በኒውዮርኩ የሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ፔይተን ራውስ ከአንዲት ዶሮ ላይ ዕጢ ቆርጦ ፈጨው፤ አንድም ሕዋስ እንዳያልፍ አድርጎም አጣራው። የተጣራውን ፈሳሽ ጤነኛ ዶሮ ቢወጋ እሷም ዕጢ አወጣች። ለዚህ ምክንያቱ በፈሳሹ ውስጥ የነበረ ቫይረስ ነው። ግኝቱን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ለብዙ ዓመታት ጥቂት ነበር፤ ራውስ የኖቤል ሽልማቱን የተቀበለው በ1966፣ በ87 ዓመቱ ነው። ቫይረሱ የተሸከመው አንድ ጂን ጤነኛ ሕዋስን ወደ ካንሰርነት እንደሚለውጥ ሲታወቅ ደግሞ ብዙዎች «ጂኑ ካለ ካንሰሩ አለ» ወደሚለው መደምደሚያ አዘነበሉ።

ራውስ ውጤቱን ካሳወቀ 73 ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ዶክተር ሚና ቢሰልና ባልደረባቸው ዶልበርግ ያንኑ ቫይረስ ገና እንቁላል ውስጥ ባለ የዶሮ ፅንስ ላይ ሞከሩት። ቫይረሱ ወደ ሕዋሳቱ ገባ፤ ጂኑም ሥራውን ጀመረ። ዕጢ ግን አልወጣም፤ ፅንሱ በደህና ማደጉን ቀጠለ። ተመራማሪዎቹ የፅንሱን ሕዋሳት በታትነው ሳህን ላይ ሲዘሯቸው እነዚያው ሕዋሳት የካንሰርን ጠባይ ያዙ። ጂኑ ያው ነው፤ ሕዋሱም ያው ነው። የተለወጠው የሚኖሩበት ስፍራ ብቻ ነበር።

ውጤቱ የካንሰር ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት የተማመኑበትን ዕቃ ጥያቄ ውስጥ የሚያስገባ ነበር። በሰው ገላ ውስጥ ያለ ዕጢ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት አለው። በቤተ ሙከራ የተመረመረው ካንሰር ግን በአብዛኛው በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ሳህን ላይ እንደ አንድ ስስ ንጣፍ የተዘረጋ ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች «ስሪዲ» እያሉ የሚጠሩት፣ ሕዋሳትን ጥልቀት ባለው ስፍራ የማሳደግ ዘዴ ታሪክ ከዚህ ጉድለት ጋር የተደረገ የረጅም ጊዜ ትግል ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲጀመር ጠፍጣፋ አልነበረም

የሚገርመው፣ ሕዋስን ከአካል ውጭ የማሳደግ ጥበብ የተጀመረው በጠፍጣፋ ሳህን አልነበረም። በ1907 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሮስ ሃሪሰን ከእንቁራሪት ፅንስ፣ ወደፊት ነርቭ ከሚሆነው ክፍል፣ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በእንቁራሪት ሊምፍ ጠብታ ውስጥ አኖረው። ጠብታው በስስ መስታወት ላይ ነበር። ሃሪሰን መስታወቱን ገልብጦ፣ መሐሉ በተቦረቦረ ሌላ መስታወት ላይ አስቀመጠውና ጠርዙን በፓራፊን አሸገ። ሊምፉ ረጋ፤ ጠብታዋም ከላይ እንደተንጠለጠለች ቀረች። ሃሪሰን በማይክሮስኮፕ ሲከታተል የነርቭ ክር ከሕዋሱ ወጥቶ እየረዘመ ሲሄድ አየ። የነርቭ ክር ከየት እንደሚመጣ ሲከራከሩ ለነበሩ ሊቃውንት ይህ ቁርጥ ያለ መልስ ሆነ። ክሩ ያደገው በረጋ ሊምፍ ውስጥ ስለነበር ወደ ጎንም ወደ ጥልቀትም የሚሄድበት ስፍራ ነበረው።

በዚያው ዓመት ሄንሪ ዊልሰን የተባለ የሰሜን ካሮላይና ሰው ከባሕር የወጣ ሕያው ስፖንጅ በወንፊት ጨርቅ ጨምቆ ሕዋሳቱን ባሕር ውኃ ውስጥ በታተናቸው። የተበታተኑት ሕዋሳት ተፈላልገው ተጠጋጉ፤ ተጠጋግተውም እንደገና ስፖንጅ ሆኑ። ሕዋስ የማንነቱን ካርታ ይዞ እንደሚዞርና ጎረቤት ሲያገኝ ቅርጹን እንደሚመልስ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ ያሳየ ሙከራ በዚያ ዘመን ማግኘት ይቸግራል።

አሌክሲስ ካረል ደግሞ በ1912 ከጫጩት ፅንስ ልብ የወሰደውን ቁራጭ በረጋ ፕላዝማ ውስጥ ማሳደግ ጀመረ። ያ ዘር እስከ 1946 ድረስ «ሳይሞት» እንደቆየ ተነገረ፤ ጋዜጦችም አራገቡት። በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክ ጤነኛ የሰው ሕዋስ 50 ጊዜ ገደማ ከተከፈለ በኋላ እንደሚያቆም ሲያሳይ የካረል ወሬ ክብሩን አጣ። ይሁንና ሕዋስን ከአካል ውጭ ማኖር እንደሚቻል ዓለም የተማረው ከካረል ቤተ ሙከራ ነው።

የሳህኑ ዘመን

ጥልቀቱ የተረሳው በ1950ዎቹ ነው። በየካቲት 1951 ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ከሄንሪታ ላክስ የማኅፀን በር ዕጢ ናሙና ተወሰደ፤ ፈቃዷን የጠየቃት ግን አልነበረም። እሷ በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ በ31 ዓመቷ ሞተች። በጆርጅ ጋይ ቤተ ሙከራ የተዘሩት ሕዋሳቷ ግን በየ24 ሰዓቱ ገደማ እጥፍ እየሆኑ ቀጠሉ። «ሂላ» የሚል ስም የተሰጣቸው እነዚህ ሕዋሳት መስታወት ላይ በደንብ ይይዛሉ፤ ብዙም እንክብካቤ አይሹም። የፖሊዮ ክትባት ሥራ ደግሞ በብዛትና በአንድ ዓይነት ሁኔታ የሚያድግ ሕዋስ አጥብቆ ይፈልግ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሕዋስ ማሳደግ የጥቂት ባለሙያዎች ጥበብ መሆኑ ቀርቶ የፋብሪካ ሥራ መሰለ። የሃሪ ኢግል የምግብ ፈሳሽ ቀመር፣ ሕዋሳትን ከሳህን የሚያላቅቀው ትሪፕሲን፣ ኋላም ርካሹ የፕላስቲክ ሳህን አንድ ላይ ሲመጡ ጠፍጣፋው ዘዴ ተወዳዳሪ አጣ።

በዚያው በ1951 ጆሴፍ ሌይተን የተባለ ተመራማሪ ሕዋሳትን በስፖንጅ ቀዳዳዎች ውስጥ በጥልቀት የሚያሳድግበትን ዘዴ አሳትሞ ነበር። ብዙ ተከታይ አላገኘም። በስፖንጅ ውስጥ የተሸሸገ ሕዋስ ለመቁጠርም፣ በማይክሮስኮፕ ለማየትም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዛወርም አይመችም። በጠፍጣፋው ሳህን ላይ ግን ሁሉም ሕዋስ እኩል ምግብ፣ እኩል ኦክስጅን፣ እኩል መድኃኒት ያገኛል፤ አንዱ ቤተ ሙከራ የሠራውን ሌላው ለመድገም አይቸገርም።

በዚህ መንገድ የተገኘውን ዕውቀት ማቃለል ግፍ ይሆናል። ሕዋስ እንዴት እንደሚከፈል፣ ካንሰር አምጪ ጂኖች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ብዙዎቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ሕዋስን በምን እንደሚጎዱ ያወቅነው በአብዛኛው ከዚያ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከ1990 ጀምሮ አዳዲስ ኬሚካሎችን ሲያበጥር የኖረውም በ60 የሰው ካንሰር ሕዋስ ዝርያዎች ላይ ነው፤ አብዛኞቹም በጠፍጣፋ ስፍራ የሚያድጉ ነበሩ።

ዋጋውም ቀላል አልነበረም። የጡት ሕዋስ በተፈጥሮው ላይና ታች አለው። አንዱ ጎኑ ወተት ወደሚፈስበት ቀዳዳ ያያል፤ ሌላው ጎኑ በስስ የፕሮቲን ምንጣፍ ላይ ያርፋል፤ በግራና በቀኝ ጎረቤቶቹን ይነካል። ሳህን ላይ ሲዘረጋ ግን ይጠፈጠፋል፤ ከጎረቤት ይልቅ ፕላስቲኩን ይጨብጣል። ፕላስቲኩ ከጡት ሥጋ ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ደረቅ ነው። ሕዋሱ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ወተት መሥራት ያቆማል። ጤነኛውና ካንሰር ያለበት ሕዋስ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ባለሙያ እንኳ ለመለየት ይቸገራል።

ከሳንባ ዕጢ የተነበበው ርቀት

ጥልቀት ለምን እንደሚያስፈልግ መጀመሪያ የጮኹት የጨረር ሕክምና ሰዎች ናቸው። በ1955 እንግሊዛውያኑ ቶምሊንሰንና ሃሮልድ ግሬይ ከሳንባ ካንሰር የተቆረጡ ስስ ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ መረመሩ። ዕጢው እንደ ዘንግ በረዘመ ቅርጽ ያድጋል፤ የደም ሥሮቹ በዙሪያው ናቸው። የዘንጉ ወፍራምነት ከመሐል እስከ ጠርዝ ከ160 ማይክሮሜትር በታች ሲሆን ሁሉም ሕዋስ ሕያው ነው። ከ200 በላይ ሲሆን መሐሉ ሁልጊዜ ሞቶ ይገኛል። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነውና፣ ሞትና ሕይወትን የለየው ርቀት ከሚሊሜትር አንድ አምስተኛ አይበልጥም። ግሬይና ቶምሊንሰን ሂሳቡን ሲሠሩ ይህ ርቀት ኦክስጅን እየተበላ እስኪያልቅ ድረስ ሊሰርግ ከሚችለው ርቀት ጋር ገጠመ።

የሞተው መሐል ብዙም አያሳስብም። አሳሳቢዎቹ በሕያዋኑና በሙታኑ መካከል ያሉት፣ ኦክስጅን አጥሯቸው በአፋፍ ላይ የቆሙት ሕዋሳት ናቸው። ኦክስጅን ያጣ ሕዋስን ለመግደል እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ጨረር ያስፈልጋል። ዕጢው ታክሞ ከጠፋ በኋላ ተመልሶ ሊያቆጠቁጥ የሚችለው ከእነዚህ ነው። በጠፍጣፋ ሳህን ላይ እንዲህ ያለ ሕዋስ በተፈጥሮው አይኖርም፤ ሁሉም እኩል ይተነፍሳልና። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የጨረር ሕክምና መጠን የሚለካበት አሃድ «ግሬይ» የተባለው በዚሁ ሰው ስም ነው።

የግሬይን ዕጢ በቤተ ሙከራ የሠራው በካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ለንደን በምትባለው ከተማ የነበረው ሮበርት ሳዘርላንድ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በ1970 እና በ1971 የቻይና ሃምስተር ሕዋሳትን ዘወትር በሚሽከረከር ፈሳሽ ውስጥ አሳደጉ። ሕዋሳቱ የሚያርፉበት ወለል ሲያጡ እርስ በርስ ተያያዙ፤ ተያይዘውም ድቡልቡል ሆኑ። እነዚህ «ስፌሮይድ» የተባሉ እንክብሎች ሲቆረጡ ሦስት ሠፈር ተገኘባቸው። ከውጭ በብዛት የሚከፈሉ ሕዋሳት፣ ቀጥሎ ሕያው ሆነው መከፈል ያቆሙ፣ ከውስጥ የሞቱ። ግሬይ ከሕመምተኛ ሳንባ ያነበበው ሁሉ ከግማሽ ሚሊሜትር በማይበልጥ እንክብል ውስጥ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ስፌሮይዱ ሌላም ምስጢር አወጣ። ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት በኬሞቴራፒ ክፍሎች በቀይ ቀለሙ ይታወቃል፤ በጡት ካንሰር የታከሙ ብዙ ሴቶች አይረሱትም። ይህ መድኃኒት ተገቢው ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ያበራል። ስለዚህ የት እንደደረሰ ለማወቅ ሌላ ምልክት አያሻውም። በስፌሮይድ ላይ ሲሞከር ብርሃኑ ከውጭው ዙሪያ ብዙ አይዘልቅም ነበር። በሳህን ላይ ሁሉንም ሕዋስ የሚያዳርሰው መድኃኒት ጥልቀት ሲያጋጥመው በር ላይ ይቀራል።

በ1973 ጁዳ ፎክማንና ሆክበርግ ደግሞ በለስላሳ አጋር ውስጥ ያሉ ስፌሮይዶች ምግባቸው የቱንም ያህል በየጊዜው ቢታደስ ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ሲደርሱ ማደጋቸውን እንደሚያቆሙ አሳዩ። በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ግን ያው ሕዋስ አዲስ ስፍራ እስከተሰጠው ድረስ ይስፋፋል። ፎክማን ዕጢ ለማደግ የራሱን የደም ሥር መሳብ አለበት ለሚለው ታዋቂ ሐሳቡ ይህን እንደ አንድ ማስረጃ ያዘው።

ከአይጥ ዕጢ የተገኘው ጄል

ስፌሮይድ የሕዋስና የሕዋስን ጉርብትና መለሰ። የጎደለው ሕዋሳቱ የሚያርፉበት የፕሮቲን ምንጣፍ ነው። እሱ የተገኘው ባልታሰበ ቦታ ነው። ኤንገልብሬት ሆልም በተባለ ዴንማርካዊ የተገኘና ሪቻርድ ስዋርም ከአይጥ ወደ አይጥ እያዛወረ ያቆየው አንድ ዕጢ ነበር። ለዓመታት ለተመራማሪዎች የቅርጫጭት ዕጢ መስሏቸው ኖረ። በ1977 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ግን ቅርጫጭት የሚባል የለበትም፤ በብዛት የሚያመርተው ያንን ስስ ምንጣፍ ነው። በ1979 ከዚሁ ዕጢ ላሚኒን የተባለው ዋነኛ ፕሮቲን ተለይቶ ወጣ። ሂንዳ ክላይንማንና ጆርጅ ማርቲን ዕጢውን አጥበውና አሟሙተው ያዘጋጁት ጄልም ኋላ «ማትሪጄል» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ።

የዚህ ጄል ጠባይ ከቅቤ ተቃራኒ ነው። ሲቀዘቅዝ ይፈሳል፤ ሲሞቅ ይረጋል። ስለዚህ የሚሠራበት ሰው ከዋዜማው ፍሪጅ ውስጥ፣ በ4 ዲግሪ፣ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ያሳድረዋል። በማግስቱ ጠርሙሱን በረዶ ላይ ያኖራል፤ የፒፔቱን ጫፍ ሳይቀር ያቀዘቅዛል፤ አለዚያ ጄሉ ጫፉ ውስጥ ይረጋና ሥራው ይበላሻል። ሕዋሳቱን ከጄሉ ጋር አረፋ እንዳይገባ ተጠንቅቆ ያዋሕዳል፤ ከውሕዱም 50 ማይክሮሊትር ገደማ በሳህኑ ጉድጓድ መሐል ያንጠባጥባል። ጠብታዋ ጉብ ብላ ትቀመጣለች። ወዲያው ሳህኑን ገልብጦ 37 ዲግሪ በሚሞቅ ማሳደጊያ ሳጥን ውስጥ ያስገባዋል፤ ካልተገለበጠ ሕዋሳቱ ክብደታቸው ወደ ወለሉ ይጎትታቸውና ተመልሰው ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጄሉ ሲረጋ ምግቡ ይጨመርበታል።

የጡት ሕዋስ ምስክርነት

ሚና ቢሰል በ1940 ቴህራን ተወለዱ፤ በወጣትነታቸው ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው በ1969 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ከ1972 ጀምሮ በርክሌይ ውስጥ ሠርተዋል። በ1982 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከሕዋሱ ውጭ ያለው የፕሮቲን መረብ ወደ ውስጥ እስከ ኒውክለሱ ድረስ መልእክት ይልካል፤ ኒውክለሱም መልሶ መረቡን ይቀይራል የሚል መላ ምት አቀረቡ። በዚያን ጊዜ መረቡ ሕዋሳትን ደግፎ ከመያዝ ያለፈ ሚና የለውም ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነበር። ዘመኑ የጂን ዘመን ነው፤ በየወሩ አዲስ ካንሰር አምጪ ጂን ይገኛል። በዚህ መሐል «ጂኑ ብቻውን አይወስንም» የሚል ሰው ሰሚ ማግኘቱ ቀላል አልነበረም።

በርክሌይ ለዚህ ሐሳብ የተዘጋጀ መሬት ነበረው። በ1977 ጆአን ኤመርማንና ዶረቲ ፒተልካ የአይጥ ጡት ሕዋሳትን በኮላጅን ጄል ላይ ዘርተው፣ ጄሉን ከሳህኑ አላቅቀው በፈሳሹ ላይ እንዲንሳፈፍ ሲያደርጉት፣ ወተት መሥራት አቁመው የነበሩት ሕዋሳት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የቢሰል ቡድን ደግሞ በ1989 የአይጥ ጡት ሕዋሳትን በአዲሱ የአይጥ ዕጢ ጄል ላይ አኖረ። ሕዋሳቱ ተሰባስበው መሐሉ ክፍት የሆነ እንክብል ሠሩ፤ የወተት ፕሮቲንንም ወደ ክፍተቱ አፈሰሱ። ሆርሞኑ አንድ፣ ጂኑ አንድ ሆኖ ሳለ በፕላስቲክ ላይ ያልተቻለው እዚህ ተቻለ።

ቀጥሎ ወደ ሰው ጡት ተሻገሩ። በ1992 ከዴንማርኩ ኦሌ ፒተርሰን ጋር የሠሩት ጥናት ጤነኛና ካንሰር ያለባቸውን የሰው ጡት ሕዋሳት በጄሉ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጠ። በሳህን ላይ ለመለየት የሚያስቸግሩት ሁለቱ እዚህ በአንድ ሳምንት ከጥቂት ቀን ውስጥ ለየቅል ሆኑ። ጤነኞቹ ትንሽ፣ የተስተካከለ ድቡልቡል ሠርተው፣ ላይና ታቻቸውን ለይተው፣ መከፈላቸውን አቆሙ። ካንሰሮቹ ቅርጽ የለሽ ጓል ሆነው መከፈላቸውን ቀጠሉ። የፓቶሎጂ ባለሙያ ከሕመምተኛ ናሙና ላይ የሚያነበው ልዩነት ራሱ ሳህን ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

ከፍተኛው ሙከራ በ1997 መጣ። ቫለሪ ዊቨርና የቢሰል ቡድን የተጠቀሙባቸው ሕዋሳት ዴንማርክ ውስጥ ከአንዲት ሴት ጡት የተገኙ ነበሩ፤ የዘሩ አንዱ ክፍል ካንሰር የሌለበት ሆኖ ሲቀር ሌላው ክፍል በቤተ ሙከራ ቆይታው ካንሰር ሆኗል። ስለዚህ ንጽጽሩ በሁለት የተለያዩ ሰዎች ሕዋሳት መካከል አይደለም። ካንሰሮቹ ሕዋሳት ከውጭው መረብ ጋር የሚያያዙበት ኢንተግሪን የተባለ ፕሮቲን ከመጠን በላይ ነበራቸው። ተመራማሪዎቹ ቤታ ዋን የተባለውን ኢንተግሪን የሚያግድ አንቲቦዲ ጄሉ ውስጥ ጨመሩ። ቅርጽ የለሹ ጓል ቀርቶ ሕዋሳቱ ጤነኛ የሚመስል ድቡልቡል ሠሩ፤ መከፈላቸውንም ገቱ። የተበላሹት ጂኖቻቸው ግን እንደተበላሹ ናቸው። አንቲቦዲው ተወግዶ ሕዋሳቱ እንደገና ሲዘሩ ወደ ቀድሞ ጠባያቸው ተመለሱ። በአንቲቦዲ የታረሙት ሕዋሳት አይጥ ላይ ሲወጉም የሚያወጡት ዕጢ ቁጥሩም መጠኑም በጣም ቀነሰ።

በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ያው አንቲቦዲ እንዲህ ያለ ለውጥ አላመጣም። እንግዲህ ለአሥርት ዓመታት በሳህን ላይ የተጣሉ ስንት መድኃኒቶች በጥልቀት ሊሠሩ ይችሉ ነበር? ስንቶቹስ በሳህን ላይ ተመስግነው በሰው ላይ ወድቀው ቀሩ? ወደ ሰው ሙከራ ከሚገቡ የካንሰር መድኃኒቶች ውስጥ ከ10 ዘጠኙ ያህል ፈቃድ ሳያገኙ ይቀራሉ። ጥፋቱን ሁሉ በሳህኑ ላይ መጫን አይገባም፤ የአይጥ ሙከራም፣ የካንሰር መለዋወጥም፣ የሰው ገላ ውስብስብነትም ድርሻ አላቸው። ሳህኑ ግን ነጻ ነው ማለት አይቻልም።

የሕመምተኛው ዕጢ በሳህን

ከዚያ በኋላ ዘመኑ የኦርጋኖይድ (በሳህን የሚበቅል ትንሽዬ የአካል ክፍል) ሆነ። ኔዘርላንድስ፣ ዩትሬክት በሚገኘው ሁብሬክት ተቋም የሃንስ ክሌቨርስ ቡድን በ2007 የአንጀትን ግንደ ሕዋስ የሚለይ ምልክት አገኘ። በ2009 ከጃፓን የመጡት ቶሺሮ ሳቶ ከአይጥ አንጀት አንዲት ግንደ ሕዋስ ለይተው፣ በማትሪጄል ጠብታ ውስጥ አኑረው፣ ሦስት የእድገት ፕሮቲኖች ጨመሩላት። ከአንዲቱ ሕዋስ የአንጀትን ጉድጓዶችና የተለያዩ የሕዋስ ዓይነቶች የያዘ ጥቃቅን አንጀት በቀለ፤ ለወራትም እየተከፋፈለ ኖረ። በ2011 ዘዴው ለሰው አንጀትና ለአንጀት ካንሰር ሠራ። በ2014 የፕሮስቴት፣ በ2015 የቆሽት ካንሰር ኦርጋኖይዶች ተከተሉ። በ2015 ደግሞ ከ20 የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕመምተኞች የተወሰዱ ዕጢዎች ሕያው ሆነው የሚቀመጡበት ባንክ ተቋቋመ።

ከዚህ በፊት የነበረው ልማድ የአንዲት ሴት ሕዋስ ለሁሉም ሴቶች ካንሰር ምስክር እንዲሆን ማድረግ ነበር። አሁን አንድ ሕመምተኛ የራሱን ዕጢ ቅጂ ሳህን ውስጥ ሊያኖር ይችላል። በ2018 ለንደን ውስጥ የተመራ ጥናት የተሠራጨ የአንጀትና የጨጓራ ካንሰር ካለባቸው ሕመምተኞች ኦርጋኖይድ አሳድጎ፣ መድኃኒቱ በሳህን ውስጥ ያሳየውን ውጤት በሕመምተኛው ላይ ካሳየው ጋር አስተያየ። በኦርጋኖይዱ ላይ ያልሠራ መድኃኒት በሕመምተኛውም ላይ አልሠራም፤ ይህ 100 በመቶ ገጠመ። በኦርጋኖይዱ ላይ የሠራው በሕመምተኛው ላይ የሠራው ደግሞ በ88 በመቶ ነበር። የተነጻጸሩት ጥቂት ቢሆኑም ውጤቱ በዓለም ተሰማ።

ሆኖም ሁሉም ጥናት እንዲህ አላማረለትም። በ2019 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት ኦርጋኖይድ ኢሪኖቴካን ለሚባለው መድኃኒት ትንበያው ጥሩ ሲሆን፣ 5-ኤፍዩና ኦክሳሊፕላቲን ተዋሕደው ሲሰጡ ግን እንደማይተነብይ አሳየ። በ2021 የታተመው ሌላው ሙከራ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ሐኪሞቹ መድኃኒት የመረጡት ኦርጋኖይዱ በነገራቸው መሠረት ነበር። ከናሙናዎቹ ኦርጋኖይድ የሆኑት 57 በመቶ ብቻ ናቸው። በመጨረሻ በዚህ መንገድ የታከሙት 6 ሕመምተኞች ሲሆኑ ዕጢው የቀነሰለት አንድም አልነበረም።

የቀረውን ሥራ ለማየት ከዚህ ውጤት መነሳት ይበጃል። ኦርጋኖይዱ በአብዛኛው የዕጢውን ሕዋስ ብቻ ይይዛል፤ የደም ሥር የለውም፤ ከዕጢው ጋር የሚታገሉትና አንዳንዴም የሚመሳጠሩት የመከላከያ ሕዋሳት የሉትም። የካንሰር ሕክምናን የቀየሩት በመከላከያ ኃይል ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች በእንዲህ ያለ ሳህን ውስጥ የሚነኩት ነገር የለም። ከ2018 ወዲህ የሕመምተኛውን የደም ሕዋሳት ከኦርጋኖይዱ ጋር አብሮ ማሳደግ የተጀመረው ለዚህ ነው። ማትሪጄል ራሱ ከአይጥ ዕጢ የሚገኝ በመሆኑ ብዙ መቶ ዓይነት ፕሮቲኖችን ይዟል፤ አንዱ ጠርሙስ ከሌላው አይመሳሰልም። ለምርምር ጥሩ ቢሆንም ሕክምናን ለሚያህል ውሳኔ መሠረት ለመሆን ይቸግራል። በቤተ ሙከራ የተሠራ፣ ይዘቱ የታወቀ ጄል ፍለጋው ዛሬም አልቆመም።

ሕጉም መንቀሳቀስ ጀምሯል። በታኅሣሥ 2022 የአሜሪካ ኮንግረስ አዲስ መድኃኒት ወደ ሰው ሙከራ ከመግባቱ በፊት የግድ በእንስሳ ላይ ይሞከር የሚለውን፣ ከ1938ቱ ሕግ የመጣውን ግዴታ አነሳ። በሕጉ ከተጠቀሱት አማራጮች አንዱ በሕዋስ የሚደረግ ሙከራ ነው። ይህ ማለት ግን የእንስሳ ሙከራ ተከለከለ ማለት አይደለም፤ የሰው ሙከራማ የመጨረሻው ዳኛ ሆኖ ይቀጥላል።

የዚህ ታሪክ ፍርድ፣ ሳህኑ ሳይሆን ልማዱ ነው ጥፋተኛው የሚል ነው። ጠፍጣፋው ሳህን ሕዋስ ምን ማድረግ እንደሚችል ለማወቅ ጥሩ መሣሪያ ነበር፤ ዛሬም ነው። ስህተቱ ስለ ዕጢ የሚነሳን ጥያቄ ሁሉ ለእሱ ማቅረቡ ነበር። ጥልቀት የሚጠይቀውን ጥያቄ ስፌሮይድ ይመልሳል፤ የአንድን ሕመምተኛ ዕጢ ጠባይ ኦርጋኖይድ ይናገራል፤ ሦስቱም የማይደርሱበት ጥያቄ ደግሞ አለ።

ለአንባቢም ከዚህ የሚተርፍ ነገር አለ። በአገራችንም ሆነ በውጭ «ይህ ቅጠል፣ ይህ ሥር፣ ይህ አዲስ መድኃኒት የካንሰር ሕዋስን ገደለ» የሚል ዜና በየጊዜው ይሰማል። ዜናው ውሸት ላይሆን ይችላል፤ በሳህን ላይ ያለን ሕዋስ የሚገድል ነገር ብዙ ነው፤ ጨውና አልኮልም ይገድሉታል። እንዲህ ያለ ዜና ሲደርስዎ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የሞተው ሕዋስ የት ነበር? በጠፍጣፋ ሳህን ላይ፣ በጄል ውስጥ፣ በአይጥ ገላ ወይስ በሰው ገላ? መልሱ «በሰው ገላ» እስኪሆን ድረስ በሐኪም የታዘዘልዎትን ሕክምና አያቋርጡ።